ቆርቆሮ ከመግዛታችን በፊት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤት ነው። ስለ ከተማ ፎቅ አይደለም፤ ስለየራሳችን ጎጆ ነው። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ ጥርና የካቲት ሲመጣ፣ «ዘንድሮስ ቤቴን አድሳለሁ» የማይል ገበሬ ጥቂት ነው። ሣሩን አውርዶ ቆርቆሮ ለማልበስ የሚያስበውም ብዙ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን በሬው ወደ ገበያ ከመነዳቱ በፊት ቁጭ ብለን እንቁጠር። ክረምት ሲገባ በአንድ በሬ አይታረስምና።

በመጀመሪያ ቤቱ የማን ነው? ከ1967 ዓ.ም. በፊት በብዙ ቦታ ጭሰኛው በሰው መሬት ላይ ነበር። የመሬቱ ጌታ «ልቀቅ» ካለው ጎጆውን ትቶ ይሄዳል። ታዲያ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቤት ምን ብሎ ይሥራ? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ እንዲህ ይላል፤ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በጉልበታችንና በገንዘባችን የሠራነው ቤት ግን ንብረታችን ነው፤ ልንሸጠውም ልናወርሰውም እንችላለን። እንግዲህ ለቤት የሚወጣ ገንዘብ ለራሳችን የሚወጣ ነው። የሚወጣው ግን በቁጥር ይሁን።

ሣር ክዳን የራሱ ደግ ነገር አለው። ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ ይከላከላል። ዝናብ ሲወርድበት አይጮህም። ጢሱ በሣሩ መካከል እየሾለከ ይወጣል፤ ሲወጣም ሣሩን ከተባይ ይጠብቃል። ችግሩ በየጥቂት ዓመቱ መታደሱ ነው፤ ሣሩም ጠፍቷል። በመንዝ የጓሣ ሣር የሚበቅልበት ደጋ ከጥንት ጀምሮ በደንብ እየተዘጋና እየተከፈተ ይጠበቅ ነበር፤ ዛሬም ነዋሪው ይጠብቀዋል። በብዙ ሌላ ስፍራ ግን የሣሩ ቦታ ታርሷል። ሰምበሌጡ ከሩቅ ቀበሌ ተገዝቶ በአህያ ይመጣል። የእሳቱም ስጋት አለ፤ አንድ ፍንጣሪ ስንቱን ጎጆ አውድሟል! ስለዚህ ቆርቆሮ የሚያለብሰውን ሰው «ከተሜ ሊመስል ነው» እያሉ መሳቅ ደግ አይደለም።

እንግዲህ እንቁጠር። ደብተርና እርሳስ ያለው ያውጣ።

ቤቱ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር ነው እንበል። ጣራው በየጎኑ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ይውጣ። የጣራው ርዝመት 7 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ከላይ ከአናቱ እስከ ታች እስከ ክፈፉ ባንድ ወገን 3 ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል። የቆርቆሮው ወርድ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንዱ ባንዱ ላይ ስለሚደረብ የሚሸፍነው 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለአንድ መስመር 9 ቆርቆሮ ይፈለጋል። የቆርቆሮው ቁመት 2 ሜትር ከሆነ አንዱን ወገን ለመሸፈን ሁለት መስመር ያስፈልጋል፤ 18 ሆነ። ጣራው ሁለት ወገን ነው፤ 36 ሆነ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። 36ን በአንዱ ቆርቆሮ ዋጋ ያባዛና «አንድ በሬ ይበቃኛል» ይላል። አይበቃውም። አናቱ ላይ የሚደፋው ቆርቆሮስ? ምስማሩስ? ለአንድ ቆርቆሮ 8 ምስማር ብቻ ብንይዝ እንኳ 288 ምስማር ነው። ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨትስ? የአናጢው ዋጋ፣ የጭነቱ ዋጋ፣ ንፋስ ጣራውን እንዳያነሳው ወራጁን ከቋሚው ጋር የምናስርበት ሽቦስ? ደግሞም ቤቱ ክብ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ነገር ነው። በክብ ጎጆ ላይ ሲቆራረጥ ብዙው ይባክናል። ስለዚህ ክቡን ቤት ቆርቆሮ ማልበስ ብዙ ጊዜ ሌላ አራት ማዕዘን ቤት መሥራት ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ የሚነግረን ነጋዴ የለም፤ እሱ የሚሸጠው ቆርቆሮውን ነው።

ስለ ነጋዴ ካነሳን አይቀር፣ የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ይቆጠራል። ቁጥሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል። 35 ጌጅ ከ32 ይሳሳል፤ 32 ጌጅም ከ28 ይሳሳል። ቁጥር የማያነብ ሰው «35 ይበልጣል» ተብሎ ስሱን በወፍራሙ ዋጋ ሊገዛ ይችላል። እኛ ግን ዛሬ ማንበብ ችለናል። ስንት ጌጅ እንደሆነ እንጠይቅ፤ በደረሰኙም ላይ አስጽፈን እናንብበው። ሲመታም ምስማሩ ከፍ ባለው በጀርባው ላይ ይግባ። ውሃ በሚፈስበት በጎድጓዳው ከገባ ገና በመጀመሪያው ክረምት ያፈሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህን ሁሉ ቆርቆሮ የሚሸከመው ማነው? ቋሚው ነው። የቋሚው እግር ከበሰበሰ ከላይ ያለው ቆርቆሮ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ገበያ ከመሄዳችን በፊት ካራ ይዘን ቤታችንን እንዙር። እያንዳንዱን ቋሚ መሬቱን በሚነካበት ላይ ወጋ እናድርገው። ካራው እንደ ቅቤ ከገባ ያ ቋሚ አልቋል። የአፈር መስመር ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ ምስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ጥድና ወይራ ምስጥን ይቋቋማሉ፤ ግን ከየት ይገኛሉ? ያለን ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ አገራችን ገብቶ ብዙ ጠቅሞናል። ሆኖም ምስጥ ይወደዋል። እርጥቡን ቆርጠን ወዲያው ከሠራንበት ይጣመማል፤ ምስማሩም ይላላል። ልጡን ልጦ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በጥላ ሥር ጥቂት ወራት ማድረቅ ነው። የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት መለብለብ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ምስጡን ያዘገየዋል፤ ጨርሶ ግን አያስቀረውም። ከሁሉም የሚሻለው ቋሚው አፈር ሳይነካ በድንጋይ መሠረት ላይ እንዲቆም ማድረግ ነው።

ከምስጥ የባሰው ጠላት ግን ጠፈጠፉ ነው። ሣር ውሃውን ቀስ አድርጎ ያንጠባጥባል፤ ቆርቆሮ ግን ባንዴ ይለቀዋል። ያሰብነው ጣራ ከላይ ሲታይ 7 ሜትር በ6 ሜትር ነው፤ 42 ካሬ ሜትር። የትንሽ ጣት ወርድ ያህል ዝናብ፣ ማለትም 10 ሚሊ ሜትር፣ ቢዘንብ በአንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሊትር ውሃ ይወርዳል። በጠቅላላው 420 ሊትር ነው። እንስራችን 20 ሊትር ቢይዝ 21 እንስራ ውሃ በአንድ ዝናብ የግድግዳውን እግር ይመታል ማለት ነው! ጭቃው ይሸረሸራል፤ ቋሚው ይርሳል። በዋልካ አፈር ላይ ከሆነማ የባሰ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቀዋል።

ስለዚህ የእኛ ምክር ይህ ነው። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ በመጀመሪያው በጋ እግሩ ይሠራ። ዙሪያውን ቦይ ይቆፈር፤ ድንጋይ ይደርደር፤ የበሰበሰው ቋሚ ይለወጥ። ጣራው ለከርሞ ይደር። ሣሩ በትንሽ ጥገና አንድ ክረምት ይሸኛል። ድንጋዩና ቦዩ ደግሞ ጉልበት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይፈልጉም፤ በሬውም አይሸጥም። እርግጥ ነው፣ ቦይ ከሩቅ አይታይም፤ ጎረቤትም «እሰይ» አይልም። ቆርቆሮ ነው የሚያብረቀርቀው።

ጣራው ቆርቆሮ ሲሆን ጢሱ መውጫ ያጣል። የወጥ ቤቱ ቦታ ካልተለየ ወይም ከላይ መስኮት ካልተተወ እናትና ሕፃን ዓይናቸው ሲቀላ፣ ሲስሉ ይከርማሉ። መስኮቱ ገና ግድግዳው ሲማገር ይታሰብበት፤ ኋላ መስበር ሌላ ወጪ ነው።

ደግሞ ማንም የማይቆጥረው ወጪ አለ፤ የሴቶቹ ድካም። አፈሩን የሚያመላልሱ፣ ውሃውን የሚቀዱ፣ ምርጊቱን በየዓመቱ የሚያድሱ፣ ወለሉን በእበት የሚለቀልቁ እነሱ ናቸው። ደቦ ሲጠራ ደግሞ ጌሾ ተወቅጦ፣ ብቅል ተፈጭቶ ጠላው እስኪደርስ ስንት ቀን ይፈጃል? «ደቦ ነው፤ በነጻ ተሠራልኝ» የሚል ሰው እስቲ ባለቤቱን ይጠይቃት! ያ ሁሉ እህል ከጎተራ ነው የወጣው። በደብተሩ ላይ ምስማር ከተጻፈበት ሥር ጌሾውም፣ ብቅሉም፣ የእሷም ቀን ይጻፍ።

በሉ እንግዲህ፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። ካራ የያዘም ካለ ይቆየን፤ የዚህ የተሰበሰብንበት ቤት የበሩ ቋሚ ምስጥ የነካው ይመስላል፤ ስንወጣ አብረን እንየው።