የገመናና የአደባባይ ትምህርት
በሰበካው ኢዮቤልዩ በዓል ለምእመናን የተነገረ



በዚህ በሩዋንዳ ሰፈር ልጆችን ማስተማር ከጀመርሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ዛሬ የምናገረው ግን ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ስለምታዩአቸው ስለ ጥቂቶቹ ነው። ከእነርሱ አንዱ ያገኘውን ሰው ሁሉ እየሮጠ ያቅፍ ነበር። በ5 ዓመቱ ሁላችሁም ስማችሁ መረቃችሁት። በ14 ዓመቱ አንዲት የማያውቃትን ወይዘሮ ባቀፈ ጊዜ ግን ጩኸት ሆነ፥ ዱላም ተነሣ። ልጁ ያደረገው ያንኑ የለመደውን ነው፤ የተለወጠው የእኛ ፍርድ ነበር፥ ይህንንም አስቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም።

ይህ የተፈጥሮ ሁኔታ ኦቲዝም ይባላል። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ የ11 ልጆችን ነገር ጽፎ አስታወቀ። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ ነገር መነሻ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ እስኪያርፉ ድረስም ለእነዚህ ልጆች ሲደክሙ ኖሩ።

ሌሎች ልጆች የአደባባዩን ወግ ከሰው ዓይንና ከፊት መጥቆር ይቀስማሉ። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙዎቹ ግን በግልጥ ካልተነገራቸው አይደርሱበትም። «ነውር ነው» ማለት ለእነርሱ ባዶ ድምፅ ነው፤ ነውሩ የቱ እንደ ሆነ፥ በምትኩም ምን እንደሚደረግ አልተነገረምና። ስለዚህ በሥዕል እናሳያቸዋለን። በሩ የተዘጋ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት የገመና ስፍራ ነው፤ መንገዱ፥ ታክሲው፥ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር የአደባባይ ነው። ልብስ የሚወልቀው በፊተኛው ነው። አስቸጋሪው ጸበል ነው፤ በዚያ ሰው በሰው ፊት ልብሱን ሲያወልቅ ያየ ልጅ፥ በማግስቱ በትምህርት ቤት ቧንቧ አጠገብ ቢያወልቅ ምን ይደንቃል? ስለዚህ ለጸበሉ ለብቻው ሥዕል አዘጋጅተን «እዚህ ብቻ፥ ከአባትህ ጋራ» እንለዋለን።

ሰላምታም እንዲሁ ነው። እናት ትሳማለች፤ ለማያውቁት ሰው ግን በክንድ ርቀት ቆሞ እጅ መንሣት ይበቃል። ይህም በክፍል ውስጥ ብቻ ቢጠና አይረባም፤ በደጁ፥ በሱቁ፥ በታክሲው ተራ ደጋግሞ መለማመድ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። ለታላቅ ሁሉ መታዘዝን ብቻ የተማረ ልጅ፥ ክፉ ሰው ገላውን ቢነካው እምቢ ለማለት አቅም የለውም። ስለዚህ የሰውነቱን ክፍሎች በየስማቸው እናስተምረዋለን (እናቶች በዚህ እንደሚያፍሩ አውቃለሁ፥ እኔም አፍሬ ነበር)፤ እጁን ዘርግቶ «በቃ» ማለትን፥ መናገር ለማይችለውም ሥዕሉን ማሳየትን እናለማምደዋለን። ነገር ግን በዚያው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ በግድ እየጎተተ ጉንጩን ሲስመው ትምህርቱ ይፈርሳል። እናንተም አባቶች፥ መስቀሉን ከማሳለማችሁ በፊት አሳዩት፤ ግንባሩን እስኪያቀርብ ድረስ ቆዩ።

ያ ልጅ ዛሬ በበሩ አጠገብ ቆሞአል። ስትወጡ እጃችሁን ዘርጉለትና ጠብቁት፤ ለመጨበጥ ጥቂት ይዘገያል።