ድመት መርዝ ስትበላ



የጎተራችን ዘበኛ ድመት ናት። ለአይጥ መርዝ ስናስቀምጥ ግን ዘበኛችንንም እንገድላለን፤ መርዝ የበላች አይጥ ትዝላለች፣ ድመትም ያለ ድካም ይዛ ትበላታለች። እኛ ዘማቾች ባረፍንበት ቤት የደረሰው ይኸው ነው። ድመቷ አረፋ ስትደፍቅ «ወተት ያረክሰዋል» ብለን ጋትናት፤ ሳይነጋ ሞተች። መርዙ ከገበያ በቁራጭ ወረቀት ተጠቅልሎ የመጣ ነበርና፣ ፊደል አስተማሪዎቹ እኛ እንኳ የምናነበው ስም አጣን።

የአይጥ መርዝ ዓይነቱ ብዙ ነው። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ግራጫ ዱቄት ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ይሆናል፤ ማርከሻ የለውም፤ ወተትና ቅቤም ያባብሱታል። ሌላው ዓይነት ደም እንዳይረጋ እያደረገ በቀናት ውስጥ ይገድላል፤ ይህኛው ግን ቪታሚን ኬ የተባለ ማርከሻ አለው።

ስለዚህ ድመት መርዝ ከበላች፦

1ኛ/ ምንም ነገር አንጋታት፤ በጨው ውሃም አናስመልሳት።
2ኛ/ ካስመለሰች በርና መስኮት እንክፈት፤ ጋዙ ልጆቻችንንም ይጎዳል።
3ኛ/ የመርዙን መያዣ ይዘን ፈጥነን ወደ እንስሳት ሐኪም እንሂድ።
4ኛ/ የሞተችውን አይጥ በባዶ እጅ ሳንነካ ከውሃ አርቀን እንቅበር።

ስሙ ያልተጻፈበት መርዝ ከእንግዲህ ቤታችን አይግባ። ፊደል የቆጠርነው ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም።