ሩርን በልክ ስለ መምታት
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ፍኖተ ሰላም)



በዓመት አንድ ጊዜ ስንሰበሰብ የምንነጋገረው ስለ ድንኳንና ስለ መዋጮ ነው። ዛሬ ግን ስለ ገና ጨዋታ ጥቂት እንድንናገር ሰብሳቢያችን ፈቅደውልናል። ምክንያት አለን። ባለፈው የገና ዕለት ከልጆቻችን አንዱ ቅልጥሙን ተመትቶ ሁለት ወር በምርኩዝ ሲሄድ ሁላችሁም አይታችኋል። መቺው ክፉ ልጅ አይደለም። ጓደኛው አምስት እርምጃ ላይ ቆሞ «አቀብለኝ» ቢለው፣ መቶ እርምጃ እንደሚሰድ ሰው ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ ለቀቀው። ሩሯ ደግሞ የወይራ ሥር ናት፤ እንደ ድንጋይ ነው የምትመታው።

እኛም በልጅነታችን እንደዚሁ ነበርን። በማንኩሳ በኩል ከብት ስንጠብቅ ጎበዝ የሚባለው ሩቅ የሚሰደው ብቻ ነበር። አንድ ዓመት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተጋጥመን፣ ሩሯን እስከ ድንበሩ አፍ አድርሰን፣ በቀስታ ማቀበል አቅቶን ተሸነፍን። ስድቡ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

በኋላ አንድ ሽማግሌ ጥፋታችንን ነገሩን። ዱላውን በጣም ከፍ እናደርግና ስናወርደው ፈርተን ክንዳችንን እንይዘዋለን። ያን ጊዜ ወይ መሬቱን እንቆፍራለን፣ ወይ ሩሯ እዚያው ትቀራለች። እሳቸው እንዳሉት ክንዱ ሁልጊዜ በአንድ አኳኋን ይውረድ፤ የሚያጥረውና የሚረዝመው የዱላው አነሣሥ ብቻ ነው። ለአምስት እርምጃ ከቁርጭምጭሚት፣ ለአሥር ከጉልበት፣ ለሃያ ከወገብ። እርግጥ እንደየሰዉ ቁመትና እንደየዱላው ይለያያል፤ ልኩን እያንዳንዱ ራሱ ያገኘዋል።

ይህንኑ ፈረንጆች በጎልፍ ደርሰውበታል። ጎልፍ ማለት ትንሽ ኳስ በዘንግ እየመቱ 18 ጉድጓድ ውስጥ ማግባት ነው። ለጥሩ ተጫዋች 72 ምት ቢፈቀድለት፣ 36ቱ ጉድጓዱ አጠገብ በቀስታ ለሚመታው የተመደበ ነው፤ ግማሹ መሆኑ ነው! ቀድሞ በናሳ ይሠራ የነበረ ዴቭ ፔልዝ የሚባል አሜሪካዊ፣ ለአጭር ምት የግራ ክንድን እንደ ሰዓት ቆጣሪ እያዩ 7 ሰዓት ተኩል፣ 9 ሰዓት፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ማቆምን አስተማረ። ለሦስቱም አወራረዱ አንድ ነው። ውጭ አገር ያለ ልጃችን ይህን ሲነግረን ሽማግሌው ትዝ አሉን፤ ሰዓት እንኳ አልነበራቸውም።

አንድ ነገር እንጨምር። መሬቱም ይታይ። በታኅሣሥ የደረቀ አውድማ ላይ ሩሯ ስትንከባለል ትሄዳለች፤ ወንዝ ዳር ሣር ላይ ግን ቶሎ ትቆማለች። አውድማ ላይ ከጉልበት የሚነሣው፣ ሣር ላይ ከወገብ ሊነሣ ይችላል።

ልጆቹን ለማለማመድ በ5፣ በ10 እና በ20 እርምጃ ድንጋይ አስቀምጠናል። እያንዳንዱ ልጅ ለእያንዳንዱ ድንጋይ አሥር ጊዜ ይመታል፤ ከድንጋዩ በአንድ ዱላ ርዝመት ውስጥ የቆመችው ትቆጠርለታለች። እኛ ጡረተኞቹ ባለፈው ሳምንት ሞክረን ከአሥር ሦስት አገኘን፤ መሳቅ ይቻላል። የፊታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ነን። ሩር እኛ እናመጣለን፤ ዱላ ግን ልጆቹ የየራሳቸውን ይያዙ።