የሕፃናት የራስ ጉዳት በወንዶችና በሴቶች
(ለገጠር የጤናና የልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ራሳቸውን ተጎድተው ወደ ሕክምና ከሚመጡት ልጆች ወንዶቹ ይበዛሉ። ገና በማይራመዱት ሕፃናት ዘንድ ልዩነቱ ጠባብ ነው። ልጁ እያደገ ከቤት እየራቀ ሲሄድ ግን ይሰፋል፤ በትምህርት ዕድሜ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ከዕድሜ ጋር እንዲህ መስፋቱ ምክንያቱ በአመዛኙ ከውሎ እንደሚመጣ ያመለክታል። ዛፍ ላይ የሚወጣው፣ ከጋሪና ከመኪና ኋላ የሚንጠለጠለው፣ ከብት ሲጠብቅ በድንጋይና በዱላ የሚጋጠመው በአብዛኛው ወንዱ ነው። የገና ጨዋታም፣ ብንወደውም፣ ከዚህ ነፃ አይደለም።

የሴቶች ሆርሞን አንጎልን ይጠብቃል የሚል ተስፋ ነበረ። ይሁን እንጂ ፕሮጄስትሮን የአንጎል ጉዳት ለደረሰባቸው አዋቂዎች ተሰጥቶ የተፈተነባቸው ሁለት ታላላቅ ጥናቶች በ2014 እ.ኤ.አ. ሲታተሙ ጥቅም አላሳዩም።

እኛን የሚያሳስበን ቁጥሩ የሚሰውረው ነገር ነው። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እግር ኳስ ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ጨዋታው አንድ ሲሆን የአንጎል መናወጥ በሴቶቹ ላይ በብዛት እንደሚመዘገብ አሳይተዋል። የአንገት ጡንቻቸው መሳሳትና ሕመማቸውን ከወንዶቹ ይልቅ መናገራቸው በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። በእኛ ገጠር ደግሞ ልጅቱ ጀሪካን ተሸክማ ቁልቁለት ስትወርድ ትወድቃለች፤ ታናሿን አዝላ ስትደናቀፍ ሁለት ራስ በአንድ ጊዜ ይመታል። ከዚያም ተነሥታ ምጣድ ትጥዳለች። ወንዱም «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ስላደገ መመታቱን ይደብቃል።

ስለዚህ በየቤቱ ስትገቡ ሁለቱንም ጠይቁ፤ ለየብቻ ብትጠይቋቸው ይሻላል። ከተመታ በኋላ ራሱን የሳተ፣ ደጋግሞ የሚያስታውክ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ከወትሮው ውጭ እንቅልፍ የሚጫነው፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ መሳይ ፈሳሽ የሚወርደው ልጅ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ። አንዳንዱ ልጅ ለጥቂት ሰዓታት ደኅና መስሎ ይጫወትና፣ በራስ ቅሉ ውስጥ የሚጠራቀመው ደም አንጎሉን ሲጫነው ይዝለፈለፋል። እነዚህ ምልክቶች የሌሉበትም ቢሆን እስከ 48 ሰዓት ዐዋቂ ሰው አጠገቡ ሊኖር ይገባል፤ ዕረፍትም ያሻዋል። ለልጅቱ ይህ ማለት በእነዚያ ቀናት ውኃውን ሌላ ሰው ይቀዳል፣ ሕፃኑንም ሌላ ሰው ያዝላል ማለት ነው፤ ይህን ከእናቷ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአባቷም ጋር ተነጋገሩበት።