«ታሪክ ተምረህ ምን ልትበላ ነው?»

 

የዛሬው ሐተታችን በብዙ ቤት የእራት ገበታ ላይ የሚያጣላ ጉዳይ ያነሳል። ልጅ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይጨርስና «ማስተርሴን በታሪክ፣ በቋንቋ ወይም በሥነ ጽሑፍ ልሥራ» ይላል። አባት ዝም ይላሉ። እናት ግን «ታሪክ ተምረህ ምን ልትበላ ነው?» ይላሉ። በእኚህ እናት አንሳቅባቸው። የሌሊት ፈረቃ ሠርተው ልጅ ያስተማሩ ሰው እንጀራን ማስቀደማቸው ያስከብራቸዋል እንጂ አያስነቅፋቸውም። ስለዚህ ጥያቄያቸውን በኩርፊያ ሳይሆን በመረጃ እንመልስላቸው።

መጀመሪያ ይህ ትምህርት ለማን ይጠቅማል የሚለውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ወደ ጀርመን፣ ጎታ ከተማ ተጠርተው ሄዱ። የጠራቸው ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ምሁር ነበር። ሉዶልፍ የግዕዝ ዕውቀቱን ከእሳቸው አዳበረ፣ አማርኛንም ከእሳቸው ተማረ፤ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል በሉዶልፍ ስም ይጠራል። መምህሩ ግን እንደ እኛ በሰው አገር የነበሩ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ስማቸውን ከመካከላችን ስንቶቻችን ሰምተነዋል?

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባል የለ? በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው የብራና መጻሕፍት በርካታዎቹ ዛሬ ለንደን፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተቀዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ቅጂ አለ። እነዚያን ዘርዝረው፣ አንብበው ለዓለም ካስተዋወቁት መካከል ቀዳሚው በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በጥይት ተመተው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው፣ በስደት አገር የሠሩት ሥራ በ1988 የማክአርተር ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲያልፍ የሚተካው ከየት ይመጣል? ብራናው ይመለስልን ብለን ሰልፍ እንወጣለን፣ መልካም ነው። ሲመለስ የሚያነበውስ ማን ነው?

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። ማስተርስ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በምርምር ላይ ያተኮረ ሲሆን ተማሪው ከአንድ አማካሪ ጋር ሆኖ አብዛኛውን ጊዜውን ረጅም ጥናት ሲጽፍ ይቆያል። ሁለተኛው በኮርስ የሚሰጠው ነው፤ ክፍል ገብተው ይማራሉ፣ ጽሑፍ ያቀርባሉ፣ በመጨረሻ አጠር ያለ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራሉ። ዘርፍ ለመቀየር ለሚፈልግ፣ ሥራ እየሠራ ለሚማር፣ ለዶክትሬት ገና ላልወሰነ ሰው ሁለተኛው ይሻላል።

በእንግሊዝ በኮርስ የሚሰጠው ማስተርስ በሙሉ ጊዜ ትምህርት አንድ ዓመት ይፈጃል። 180 ክሬዲት አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ 60ው የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። ያጠረ ነው፣ ለውጭ ተማሪ ግን ውድ ነው። በጀርመን ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ ተማሪው በየሴሚስተሩ መጠነኛ መዋጮ ይከፍላል። ባደን ቩርተምበርግ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ቪዛ ጠያቂም የኑሮ ወጪውን መሸፈን እንደሚችል ማሳየት አለበት። በአሜሪካ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሙሉ ድጋፍ የሚሰጡት ለዶክትሬት ተማሪ ነው። ማስተርስ ብቻ የሚማረው ብዙ ጊዜ ከኪሱ ወይም ከብድር ይከፍላል።

አገር ቤት ላላችሁ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊሎሎጂ፣ ማለትም በጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት፣ ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል። ውጭ መማር ለምትሹ የእንግሊዙ ቼቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርሱም ለሁለት ዓመት ወደ አገራችሁ እንድትመለሱ ያስገድዳል። የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስና የጀርመኑ ዳአድም አሉ። ለቼቭኒንግ ማመልከት በነጻ ነው። «እኔ አስገባሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቃችሁ ደላላ አምስት ሳንቲም አትስጡ።

ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። የእንጀራው ነገር የሚወሰነው በዘርፉ ምርጫ ነው። በአሜሪካ ብዙ የላይብረሪ ሥራዎች በአገሪቱ የላይብረሪ ማኅበር ዕውቅና ያገኘ ማስተርስ ይጠይቃሉ፤ ያ ዲግሪ ወደ መዝገብ ቤትና ወደ ብራና ክፍልም ያስገባል። የሙዚየም ጥናትም ከሥራ ልምምድ ጋር ከተሰጠ በር ይከፍታል። ለፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ፈተና ማለፍ ነው። ለዚያ ብላችሁ በብድር ማስተርስ አትግቡ።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የኮርሱን ዝርዝር አሳዩኝ፣ የሚያስተምረውስ ማን ነው? ያለፉት ተመራቂዎች ዛሬ የት ይሠራሉ? ስጨርስ ዕዳዬ ስንት ይሆናል? ለእነዚህ ጥርት ያለ መልስ የማይሰጥ ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን፣ ይለፋችሁ።

የመጨረሻው መልእክታችን ለማኅበረሰባችን ነው። አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም ዘ ዊክንድ ብሎ የሚያውቀው የእኛው ልጅ፣ በ2016 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት 50,000 ዶላር ሰጠ። በቶሮንቶ ያሉ ወገኖቻችንም ተረባርበው አዋጡ፤ ትምህርቱም ተጀመረ። ለሠርግና ለእግር ኳስ ውድድር የምናዋጣ ሕዝብ በየከተማው ላለ አንድ ተማሪ የአንድ ዓመት ክፍያ ማዋጣት አያቅተንም። ዕድሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም ሊያስብበት ይገባል፤ የሐረርና የወሎ የዓረብኛና የአጀሚ ጽሑፎችም አንባቢ ይጠብቃሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ታሪክ ልማር ሲል ቶሎ አትቆጡ። ሦስቱን ጥያቄዎች አብራችሁት ጠይቁ። መልሱ ካጠገባችሁ መርቁት።

ቸር እንሰንብት።