የገጠርን ወጣት ችግሩን ስለ መጠየቅ



ከአማራ ክልል ገጠር መጥቶ በዚህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የቀን ሥራ የሚፈልገውን ወጣት ብዙ ሰው «እርሻ ጠልቶ ኰበለለ» ይለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ገበሬውን ከጭሰኝነት አወጣው። በአማራ ክልልም በ1989 ዓ.ም. መሬት እንደ ገና ተደለደለ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያን የሚያህል ድልድል አልተደረገም። በዚያ ዓመት የተወለደው ልጅ ዛሬ ጐልማሳ ሆኗል፤ ተስፋው ከወንድሞቹ ጋራ የሚካፈለው የአባቱ ማሳ ብቻ ነው። በሬ ቢኖረውስ የት ይጠምደዋል?

ስለዚህ መምህራን፣ ተማሪው ከትምህርት ሲቀር ከመገሠጻችሁ አስቀድሞ የአባቱን ማሳ ስፋትና የወንድሞቹን ቍጥር ጠይቁት፤ ግንበኝነት ወይም ንብ ማነብ ይወድ እንደ ሆነም ከራሱ አፍ ስሙ። ሽማግሌዎችም ስለ ወጣቱ በምትመክሩበት ቀን አስቀድሞ እርሱ ይናገር። በአገራችን ልማድ ታናሽ በታላቅ ፊት ዝም ይላልና፣ ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም።