ግንቡ ከመቆሙ በፊት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለጤና ጣቢያችን ማዋለጃ ክፍል ገንዘብ ማሰባሰብ ከጀመርን ወዲህ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፤ አሮጌው ይታደስ ወይስ ፈርሶ አዲስ ይሠራ? እኔ ነርስ ሆኜ በምሠራባት በፊላደልፊያ ከተማ ይህንኑ ጥያቄ ያስነሳ አንድ ሕንፃ አለ። የፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት የነበረው ነው።

ሕንፃው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሁለት ክብ ሕንፃዎች መካከላቸው ላይ ተያይዘው የቆሙ ስለሆነ ሕዝቡ «ራውንድሃውስ» ይለዋል። ፋብሪካ ውስጥ ተዘጋጅተው በመጡ የኮንክሪት ክፍሎች መገጣጠሙ በዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። የአርክቴክቶቹ ሐሳብም መልካም ነበር፤ ፖሊስ ለሕዝብ ቅርብ መሆኑን ሕንፃው ራሱ እንዲናገር ፈለጉ።

ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር አየበት። ከላይ ሲታይ ካቴና ይመስላል ተባለ። ፍራንክ ሪዞ ከ1967 እስከ 1971 የፖሊስ ኮሚሽነር፣ ቀጥሎም ከንቲባ በነበሩበት ዘመን የፖሊስ ድብደባ አቤቱታ በዛ። በ1979 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በዚሁ ጉዳይ ከተማዋን ከሰሰ። ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ ቢያደርገውም፣ የብዙ ጥቁር ቤተሰቦች ትዝታ አብሮ ውድቅ አልሆነም። ግድግዳው ክብ ስለሆነም ቀጥ ያለ ጠረጴዛና መደርደሪያ ለማስቀመጥ አስቸጋሪ ነበር።

በ2022 ፖሊስ በኖርዝ ብሮድ ጎዳና ወደሚገኘው የቀድሞው የኢንኳየረር ጋዜጣ ሕንፃ ተዛወረ። ያኔ ከተማው ስለ አሮጌው ሕንፃ ነዋሪውን ሰብስቦ ጠየቀ። አንዱ «ቅርስ ነው፣ ይጠበቅ» አለ፤ ሌላው «በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያመኛል» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጥያቄው ግን የመጣው ከስልሳ ዓመት በኋላ ነው።

ወገኖቼ፣ እኛ ግንቡ ሳይቆም መጠየቅ እንችላለን። በሙያዬ እንደማውቀው አንዲት እናት ጤና ጣቢያ እየቀረባት ቤቷ የምትወልደው ሕንፃው ስላላማራት ብቻ አይደለም። ውኃ የለም፣ መጋረጃ የለም፣ እናቷ አጠገቧ እንድትቀመጥ አይፈቀድም፣ ገንፎ የሚሠራበት ቦታ የለም፤ ከሩቅ ቀበሌ ብትመጣ የምታድርበት የላትም። እነዚህን ነገሮች ከዚህ ሆነን በፎቶግራፍ አናያቸውም።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት አዋላጆቹ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ፣ እዚያ የወለዱና ሳይወልዱ የቀሩ እናቶች ይጠየቁ። መጠይቁን እኔ አዘጋጃለሁ፤ አገር ቤት ያለው ኮሚቴያችን ያስሞላልን። ይታደስ ቢሉ እናድሳለን፤ ይፍረስ ቢሉ እናፈርሳለን። የሚያዋጣው ብር የእኛ ቢሆንም፣ ምጧ የእነሱ ነው።